የጃንጥላ ጠጋኙን ልጅ ላልመለሱት ዳይሬክተር

ለተከበሩ የፊልም ዳይሬክተር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለካሜራዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ፤ ዓይንዎ ሳይደክም እንዲያይ፣ ጆሮዎ ሳይታክት እንዲሰማ፣ እጅዎ ደግሞ ከእንግዲህ ከሰው መጽሐፍ ላይ ተነሥቶ ረጅም ዕረፍት እንዲያገኝ ምኞቴ ነው። ስለ እኔ የሚያስቡ ከሆነ ከጉልበቴና ከደም ግፊቴ በቀር ደኅና ነኝ። የደም ግፊቴም ቢሆን ፊልምዎን እስካየሁበት ቀን ድረስ አደብ ገዝቶ የተቀመጠ ነበር፤ አሁን ግን ሐኪሜ ከጨው ቀጥሎ ሲኒማ እንድቀንስ መክሮኛል።

እኔ ሠላሳ አራት ዓመት በፖስታ ቤት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያ ደብዳቤ በእግሬ አድርሻለሁ፤ ጉልበቴ እምቢ ሲል ደግሞ በመለያው ጠረጴዛ ፊት ቆሜ የሰዉን ደብዳቤ በየሰፈሩና በየመንገዱ ስለይ ኖሬአለሁ። የስንቱን ፍቅር፣ የስንቱን ክስ፣ የስንቱን መርዶ ስሸከም የራሴን ቅሬታ ግን ለማንም ጽፌ አላውቅም። ይህን ክብር ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት እርስዎ ስለሆኑ እንኳን ደስ አለዎ እላለሁ።

ጉዳዬ፣ ስለ አንድ ጃንጥላ ጠጋኝና ስለ አንዲት ልጁ ከሚተርከው መጽሐፍ ላይ ስለ ሠሩት ፊልም ነው። እርስዎ መጽሐፉን ከየት እንዳገኙት አላውቅም፤ እኔ ያገኘሁት ከባለቤቴ እጅ ነው። ባለቤቴ በማተሚያ ቤት የጥረዛ ክፍል ሃያ ሰባት ዓመት የሠራች ጠራዥ ናት፤ የታተመውን ወረቀት አጥፋ፣ በተራ ደርድራ፣ በክር ሰፍታ፣ ሙጫ ቀብታ መጽሐፍ የምታደርግ ማለት ነው። የእኛንም ቅጂ በገዛ እጇ ጠርዛ፣ አረንጓዴ ጨርቅ አልብሳ ሰጠችኝ። የመቁረጫው ማሽን ስቶ የግርጌውን ነጭ ወረቀት ከነገጽ ቁጥሩ ስለ በላው ለሽያጭ አይሆንም ተብሎ የተጣለ ነው ብላኝ ነበር። ለእኔ ግን በወርቅ ከተለበጠ ይበልጥብኛል።

ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርዎ። እኛም አንዲት ልጅ ነበረችን። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነርስነት ልትማር ሩቅ ከተማ ሄዳ፣ እዚያው ሦስት ቀን ታማ አረፈች። ዘንድሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። መርዶው የመጣው በቴሌግራም ነው፤ ቴሌግራሙም የመጣው እኔ በቆምሁበት ጠረጴዛ ላይ ነው። እንደ ማንኛውም ወረቀት የሰፈሩን ስም አንብቤ፣ ወደ ሣጥኑ ልወረውረው እጄን ካነሣሁ በኋላ ነው የተቀባዩ ስም የእኔ መሆኑን ያስተዋልሁት። ጎርፍ ድልድዩን ወስዶት ስለ ነበር እኛ ስንደርስ ከተቀበረች አምስት ቀን ሆኗት ነበር። ያሳዩን አፈር ነው። በአፈሩ ላይ የተደፋሁት እኔ ነኝ፤ ብብቴን ይዛ ያነሣችኝ ባለቤቴ ናት።

እንግዲህ በዚያ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ፣ ሞተች ተብላ የተለቀሰላት የጠጋኙ ልጅ ወደ አባቷ ሱቅ ትመለሳለች። ልጃችን ባረፈችበት ቀን፣ በየዓመቱ፣ ያን ምዕራፍ ለባለቤቴ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላታለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የኖርነው በዚህ ነው። በፊልምዎ ግን ልጅቱ አልተመለሰችም። ቅሬታዬ ይኸው ነው፤ ከዚህ የሚከተለው ዝርዝሩ ነው።

፩ኛ፣ ስለ ሱቁ። በመጽሐፉ የጠጋኙ ሱቅ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ደንበኛ ከገባ ሁለተኛው ደጅ ይቆማል፤ ጠጋኙ ራሱ በተነሣ ቁጥር ደረጃው ስለሚመታው በሃምሳ ዓመቱ ጎብጧል። የእርስዎ ሱቅ እንኳን ለጃንጥላ ለሠርግም ይበቃል። መስኮቱን ሳይ የፎቶግራፍ ቤት መስሎኝ ነበር። በጣሪያው ላይ የተሰቀሉት ጃንጥላዎች በሙሉ አዲስና ቀይ ሲሆኑ፣ አንድም የተሰበረ ሽቦ ወይም የተቀደደ ጨርቅ ስላላየሁባቸው ሰውየው ምን እንደሚጠግን እስከ መጨረሻው ሳይገባኝ ቀርቷል። የተዋናዩ ጥፍር ደግሞ ባለቤቴ በሠርጓ ዕለት ከነበራት ጥፍር ይበልጥ የጸዳ ነው። ለዚህ ንጽሕና ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

፪ኛ፣ ስለ እህቲቱ። በመጽሐፉ ጠጋኙ አንዲት ታላቅ እህት አለችው። ስታስነጥስ እንኳ ሰው የምትቆጣ፣ የሃምሳ ዓመት ወንድሟን «አንተ ልጅ» እያለች የምትጠራ፣ ምሳውን በፎጣ ጠቅልላ አምጥታለት እስኪጨርስ ቆማ የምትነዘንዝ ሴት ናት። እሷ ባትኖር ጠጋኙ ከነጃንጥላው በሻገተ ነበር። እርስዎ ይህችን ሴት ሙልጭ አድርገው አስወጥተው፣ በምትኳ ከፎቅ ላይ ሆና የምትዘፍን አንዲት ቆንጆ ወይዘሪት አስገቡ። ወይዘሪቷ ምሳ አታመጣም፤ ብትቆጣም ያምርባታል። ስለዚህ ለውጥ የተሰማኝን በሙሉ ልጽፍ ብሞክር የሚያትመው ጋዜጣ አላገኝም።

፫ኛ፣ ስለ ፖስተኛው። እዚህ ላይ በሙያዬ ስለ መጡብኝ ትንሽ ይታገሡኝ። በመጽሐፉ የልጅቱን ሞት የሚያረዳውን ቴሌግራም ይዞ የሚመጣው ፖስተኛ ዝናብ አጣድፎታል። ስም አልጠየቀም፤ አላስፈረመም፤ «እንካ» ብሎ አቀብሎ ይሄዳል። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ ሌላ ሰው ሳያያት ያልፋል። በኋላ ልጅቱ በእግሯ ስትመጣ ደራሲው እንዴት እንደ ሆነ አንድ ቃል አያስረዳም። የፖስታ ቤት ሰው ግን ሳይነገረው ይገባዋል። ቴሌግራሙ የሌላ ሰው ነበር። ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ ላይ ሲኖሩ፣ መርዶ ያለ ቦታው ሲገባና ደስታ ያለ ቤቱ ሲያድር በሥራ ዘመኔ ሦስት ጊዜ አጋጥሞኛል። ደራሲው ይህን ሁሉ በአንድ ያልተፈረመ ወረቀት መናገሩ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

የእርስዎ ፖስተኛ ግን ኮፍያውን አውልቆ፣ ጠጋኙን በሙሉ ስሙ ጠርቶ፣ መታወቂያ አይቶ፣ አስፈርሞ፣ ትከሻውን ዳብሶ ነው ቴሌግራሙን የሰጠው። እንዲህ ያለ ምስጉን ሠራተኛ በሠላሳ አራት ዓመት አላየሁም። አንድ ፖስተኛ ሥራውን በትክክል በመሥራቱ ቅሬታ ሳቀርብ የመጀመሪያዬ ቢሆንም፣ ለስሕተት የሚሆን አንዲት ቀዳዳ እንኳ ስላልተዉልን ከማዘን በቀር ምን አደርጋለሁ?

በዚህ መጽሐፍ ሰበብ ጓደኛም አጥቻለሁ። በቴምብር መስኮቱ ይሠራ የነበረ ባልደረባዬ፣ ከሌላ ሰው ተውሶ አንብቦት ኖሮ፣ «መጨረሻው አንጀት ይበላል» ቢለኝ መጨረሻውን ሳያነብ አነበብሁ ብሎ የሚኩራራ ሰው አድርጌ ቆጠርሁት። እሱም ግግም አለ፤ እኔም አልተመለስሁም። ከዚያ ወዲያ ሻይ አብረን አልጠጣንም። ጡረታ በወጣ ዕለት የስንብት ካርዱ ላይ ስሜን ብቻ ፈርሜ አለፍሁ።

፬ኛ፣ ስለ መጨረሻው። በመጨረሻው ምዕራፍ ዝናብ ይዘንባል። ጠጋኙ አንገቱን ደፍቶ የጎበጠ ሽቦ ያቃናል። አንዲት የሴት እጅ የተሰበረ ጃንጥላ ከፊቱ ታኖራለች። እሱም ቀና ሳይል፣ ለደንበኛው ሁሉ እንደሚለው፣ «ማክሰኞ ነይ» ይላታል። እጇ ካለችበት አትነሣም። «አባዬ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው» ትለዋለች። ቀና ብሎ ያያታል፤ ያያትና ሌላ ቃል ቢያጣ በርጥብ ጫማሽ ወለሉን አበላሸሽው ብሎ ይቆጣታል። የእኛ መጽሐፍ እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ነጭ ወረቀት ነው።

እርስዎ ይህን ትዕይንት ጨርሰው ቢተዉት ይሻል ነበር። ከፊልሙ እኩሌታ ላይ አምጥተው፣ ልጅቱን ለትምህርት ቤት ዕረፍት ብቅ ያለች አስመስለው፣ ጋሪውን ከፈረሱ አስቀደሙት። ቴሌግራሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠጋኙ ሱቁን ቆልፎ፣ ቁልፉን ለዚያች ዘፋኝ ወይዘሪት ሰጥቶ በዝናብ ሲሄድ የአዳራሹ መብራት በራ። ሰዉ ኮቱንና ቦርሳውን ይፈልግ ጀመር። እኔ ልጅቱ እስክትመጣ ተቀምጬ ቀረሁ። በመጨረሻ መጥረጊያ የያዘ አንድ ሠራተኛ አጠገቤ መጥቶ «አባት፣ አልቋል እኮ» አለኝ።

ባለቤቴ ከመጀመሪያውም እንድንሄድ አልፈለገችም ነበር። አንድ ቀን እግሯን አመማት፤ አንድ ቀን የሲኒማ ቤቱ ወንበር ቁንጫ አለው ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን መነጽሬ ጠፍቶ ከመርፌና ክር ቆርቆሮዋ ውስጥ አገኘሁት። እርጅና ነው ብዬ አለፍሁት። አዳራሹ ውስጥ ግን ፖስተኛው ገና ከመንገዱ ጥግ ሳይታይ እጄን ያዘችኝ። ወደ መጨረሻው ገደማ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እኔም ንዴት መስሎኝ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «አይዞሽ፣ እጽፍላቸዋለሁ» አልኋት።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ያለውን የጻፍሁት ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። በአደራ ደብዳቤ ለቢሮዎ ልኬ፣ መድረሱንም በፊርማ አረጋግጬአለሁ። ዛሬ በጋዜጣ እንዲወጣ ስጠይቅ አንድ ቃል ያልለወጥሁት፣ ሰው የተናገረውን በኋላ ሲያሳምር ስለማልወድ ነው። ቢሮዎ በአሥረኛው ቀን በማኅተም የከበረ መልስ ልኮልኛል። «ፊልሙ የመጽሐፉን የታሪክ ቅደም ተከተል ሳያዛባ የተከተለ መሆኑን እየገለጽን፣ መጽሐፉን በድጋሚ እንዲያነቡት በአክብሮት እንጋብዛለን» ይላል። ሃያ ስድስት ጊዜ ያነበብሁትን መጽሐፍ በድጋሚ እንዳነብ ተጋበዝሁ። እንዲህ ያለ ግብዣ በትሕትና ይቀበሉታል እንጂ ምን ይሉታል።

ስለዚህ አረንጓዴውን መጽሐፍ በብብቴ ይዤ፣ የቢሮዎን ቃል በቤተ መጻሕፍቱ ቅጂ አስመስክሬ ላሳፍርዎ ወጣሁ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሯን የምትፈልግ ወጣት ናት። ከመጋዘን አንድ አቧራ የለበሰ ቅጂ አምጥታ ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘረጋችልኝ። እኔ ከኋላ ጀመርሁ። የእነሱ ቅጂ የሚያልቀው ጠጋኙ ሱቁን ሲቆልፍ ነው። «ይህ የጎደለ ነው፤ መጨረሻው ተገንጥሏል» አልኋት። እሷም አልተከራከረችኝም፤ ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጥራ፣ ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ያለ ምንም ጉድለት አሳየችኝ። የእኔ ምዕራፍ፣ ዝናቡና ማክሰኞዋ፣ ከዘጠና ሦስተኛው ገጽ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቱ የመጣችው ለትምህርት ቤት ዕረፍት ነው።

በእነሱ ቅጂ ውስጥ ያቺ ምዕራፍ በእኔ ዘንድ የሌለች አንዲት ቅጠል ወረቀት አለቻት። አባትና ልጅ ሻይ ይጠጣሉ። ልጅቱ ሰኞ ተመልሳ እንደምትሄድ ትናገራለች። አባትየው ጃንጥላዋን እስከዚያ ጠግኖ እንደሚያደርስላት ይነግራታል። ሌላ ምንም የለባትም። እኔ ይህችን ቅጠል በዕድሜዬ አይቻት አላውቅም ነበር።

መጀመሪያ ማተሚያ ቤቱን ወቀስሁ፤ ወረቀት ሲደረደር ተሳስቶ ይሆናል አልሁ። ወጣቷ የእኔን መጽሐፍ ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከሥሩ ከፍታ አየችው። ቅጠሎቹ እንደ ሌሎቹ በክር አልተሰፉም፤ ከቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ጋር በሙጫ ተያይዘው ከመጨረሻው ገብተዋል። የግርጌው አቆራረጥ ቀጥ ያለ ነው፤ ከገጽ ቁጥሮቹ አንዱም በስሕተት እንኳ አልተረፈም። ጣቷን በጠርዙ ላይ ስታሳልፍ ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ይሄ ማሽን የሳተው አይደለም፤ ሰው አስቦ የሠራው ነው» አለችኝ።

ወንበር ሰጠችኝ። ተቀመጥሁ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎን የማይመለከት ነገር ልነግርዎ ነው፤ ነገር ግን የጀመሩት እርስዎ ስለሆኑ ይጨርሱልኝ። ልጃችን ባረፈች ሰሞን እኔ የማላምን ሰው ሆኜ ነበር። ሬሳ አላየሁም፤ ያየሁት አፈርና ወረቀት ነው፤ ወረቀት ደግሞ ሲሳሳት አውቃለሁ። በዕረፍት ቀኔ ሳይቀር ቢሮ እየሄድሁ መዝገቡን አገላብጣለሁ። በዚያ ከተማ የእኔን ስም የያዘ ሌላ ሰው፣ የእኔን ልጅ ስም የያዘች ሌላ ልጅ አለች እንደሆነ እየጠየቅሁ ለማላውቃቸው ፖስታ ቤቶች ጻፍሁ። እህል አልቀምስ አልሁ። በር በተንኳኳ ቁጥር እነሣለሁ። ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስታይ አንድ ቀን እንኳ «ተው» አላለችኝም። አንድ ማታ ከሥራ ስትመለስ ያን አረንጓዴ መጽሐፍ እጄ ላይ አኖረችው፤ መጽሐፉ የተረፈ ነው፣ ጊዜ ማሳለፊያ ይሁንህ አለችኝ።

አነበብሁት። በሁለት ቀን ጨረስሁት። ያ ቴሌግራም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ተሳስቶ ስላገኘሁት የእኔን ቴሌግራም ማሳደድ ተውሁ። ለምን እንደ ተውሁት ያን ጊዜ ቢጠይቁኝ አላውቀውም ነበር፤ አሁን ግን አውቃለሁ። ልጄን የማስቀምጥበት ቦታ አገኘሁላት። መብላት ጀመርሁ፤ መዝገቡን ማገላበጥ አቆምሁ፤ ለፖስታ ቤቶቹ መጻፍ ቀረ። ሰዎች «በረታ» አሉኝ። ባለቤቴን ማንም በረታች ያላት የለም፤ እሷ መቼ ደከመችና።

እንግዲህ ያስቡት። መጽሐፉ ሲታተም በዚህች ሴት ጠረጴዛ ላይ ያለፈ ነው፤ መጨረሻውን ታውቃለች። ልጅቱ እንደማትመለስ እያወቀች፣ ሠራተኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቀርታ፣ ያቺን ምዕራፍ ከሆዱ አውጥታ ከመጨረሻው አስገባችልኝ፤ ሰኞ እሄዳለሁ የምትለውን ቅጠል ጎትታ ጣለች፤ ቁጥሩን ሁሉ ቆረጠች። ልጅቱን በሙጫና በወረቀት ጥብጣብ መለሰችልኝ። እሷ ራሷ ግን ያልተመለሰችውን ልጅ ይዛ ብቻዋን ቀረች።

እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ? በየዓመቱ በዚያ ቀን ፊቴን ታጥቤ፣ መነጽሬን ወልውዬ፣ ላጽናናት ተቀምጬ አነበብሁላት። ማንበቤን ስጨርስ «እሰይ፣ ገባችለት» ትለኝና ሳህን ለማጠብ ወደ ማድ ቤት ትገባለች። የቧንቧው ውሃ ረጅም ሰዓት ይወርዳል። ሁለት ሳህን ለማጠብ ያን ያህል ውሃ ለምን እንደሚያስፈልግ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። እኔ ተጽናናች እል ነበር። ኩራትም ይሰማኝ ነበር፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። አንዲት እናት ልጇን ቀብራ፣ ሞታለች ብሎ አብሯት የሚያለቅስ ባል እንኳ አልነበራትም። ከዚህ የሚበልጥ ሐዘን አላውቅም፤ ያሳዘንኋትም እኔ ነኝ።

ከቤተ መጻሕፍቱ ስመለስ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «አገኘኸው ወይ?» አለችኝ። «ዝግ ነው፤ ሠራተኛዋ የለችም» አልኋት። ፊቴን አየችው። መጽሐፉን ከብብቴ ወስዳ፣ በመዳፏ ጠረግ አድርጋ ቦታው መለሰችው። ራት አቀረበች፤ በላን። ማወቄን አውቃለች፤ ማወቋንም አውቄአለሁ። ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈው፤ አሁንም ስለ አየሩ ጠባይና ስለ ጉልበቴ እናወራለን። ሠላሳ አራት ዓመት የሰው መልእክት ያደረስሁ ሰውዬ፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል አንዲት ቃል ማድረስ አቃተኝ። ስለዚህ በእርስዎ በኩል እንድልክ ተገደድሁ። ባለቤቴ የቅዳሜውን ጋዜጣ ከእኔ ቀድማ፣ ከኋላው ገጽ ጀምራ ወደ ፊት ነው የምታነበው፤ ይህን ገጽ በጠዋቱ ትደርስበታለች። እኔ ያን ጊዜ ዳቦ ልገዛ እወጣለሁ፤ ቶሎም አልመለስም።

በመሆኑም ሦስተኛውንና አራተኛውን ቅሬታዬን በይፋ አንሥቻለሁ። ቴሌግራሙ በትክክለኛው አድራሻ ደርሷል። አንደኛውና ሁለተኛው ግን እንደ ጸኑ ናቸው፤ እህቲቱን ወደ ቦታዋ ሳይመልሱ ከእኔ ጋር እርቅ አለ ብለው እንዳያስቡ። የቴምብር መስኮቱ ባልደረባዬ ይህን ካነበበ ደግሞ ልክ ነበርህ፤ መጨረሻው አንጀት ይበላል። ሻይ በእኔ ነው።

ለእርስዎ የማቀርበው ምስጋናም አለ። ባለቤቴ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያለ ቧንቧ ውሃ ለማልቀስ የቻለችው በእርስዎ ሲኒማ ውስጥ ነው። ይህን ታላቅ ውለታ ሳያስቡት፣ ሳያውቁትና በቀይ ጃንጥላዎች መካከል የዋሉልን በመሆኑ፣ ለሥራዎ ጥራት ማስረጃ ሆኖ እንዳይቆጠር ከወዲሁ በትሕትና አሳስባለሁ። በጎ ሥራ አንዳንዴ ሰው እያሳሳተ በማይገባው እጅ ይመጣል።

ለሚቀጥለው ፊልምዎ የሚመርጡት መጽሐፍ ገና ያልተጻፈ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ረጅም ዕድሜ፣ ጠባብ ሱቅና የቆሸሸ ጥፍር እንዲያጋጥምዎ እየለመንሁ፣ ከማይጓደል አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የዘወትር ታዛዥዎ፣
የቀድሞ የደብዳቤ መለያ ክፍል ሠራተኛ፣
የአንዲት ጠራዥ ባልና የአንዲት ልጅ አባት።

ማሳሰቢያ፦ ሲኒማ ቤቱ ፊልምዎ በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ እንደሚታይ በሩ ላይ ለጥፏል፤ ተመልካች ስላጣ መሆኑን ግን በጨዋነት አልጻፈም። ሁለት ወንበር ይዣለሁ። ባለቤቴ እሺ ካለች አብረን እንመጣለን፤ እሺ ባትል ሌላው ወንበር ባዶ ይቆያል። አንድ ነገር ብቻ ለማሽን ኦፕሬተሩ እንዲያዙልኝ በእግርዎ ሥር ወድቄ እለምናለሁ። ቴሌግራሙ ሲነበብ አርባ ያህል ቫዮሊን ባንድ ጊዜ የሚጮህበት ሙዚቃ አለ፤ ተመልካቹ ማዘን እንዳለበት ሳይገባው እንዳይቀር የተጨመረ ይመስለኛል። እኛ ገብቶናል። ለዚያች ዕለት ብቻ ያጥፉልን፤ ባለቤቴ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም።